ሸይኽ በክሪ ሳጳሎና ፊደላቸው

በዚህ እትም የምናስታውሳቸው ዓሊም ሸይኽ አቡበክር ዑስማን ኦዳ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሐረርጌ ውስጥ ተወለዱ። ሰው የሚያውቃቸው ግን ደረሳ ባቀሩበት በሳጳሎ ስም፣ በክሪ ሳጳሎ ብሎ ነው።

በጨርጨር ዓመታት ቀርተው ሲመለሱ ማስተማር ጀመሩ። ከዲን ትምህርቱ ጎን ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና የከዋክብት ትምህርት ያስተምሩ ነበር። በዐረብኛ ኪታቦች ጽፈዋል፤ በኦሮምኛ የገጠሟቸው ግጥሞች ደግሞ ማንበብ በማይችለው ሰው ዘንድ ሳይቀር በቃል ይዞሩ ነበር።

እነዚያን ግጥሞች በምን ፊደል መጻፍ ይቻላል? እኛ መቂ ያደግን ልጆች መድረሳ ዐሊፍ ባ ታ፣ ትምህርት ቤት ቁቤና የአማርኛ ፊደል ስለቆጠርን ጥያቄው በቀላሉ ይገባናል። ኦሮምኛ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ያጥራሉ ወይም ይረዝማሉ። የዐረብኛ ሐረካ ሦስት ብቻ ነው፤ ለ«ጨ» እና ለ«ኘ» ፊደል የለውም። የግዕዙ ደግሞ መጥበቅን አያሳይም፦ «በዳ» ላልቶ ሲነበብ መጥፎ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደጋ ነው። ሸይኹ ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ለኦሮምኛ ድምፆች የሚስማማ የራሳቸውን ፊደል ፈጠሩ። ስልሳ ዓመት አልፏቸው ነበር! አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተያይዞ መጻፉ ከግዕዙ ጋር ያመሳስለዋል፤ የፊደላቱ ቅርጽ ግን የራሳቸው ነው። ለእኔ ይህ ከሁሉ በፊት የመምህር ሥራ ነው፤ ደረሳው በሚያስብበት ቋንቋ እንዲጽፍ መንገድ መክፈት።

ሹማምንቱ ግን እንዲህ አላዩትም። የኦሮሞን ስሜት ይቀሰቅሳል ብለው ሰጉ፤ ፊደሉ ታገደ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ሸይኹ ድሬዳዋ ላይ የቁም እስረኛ ሆኑ። ለማስተማር ከከተማው እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታትም አልተቀመጡም፤ ሕዝባቸው ስለደረሰበት ጭቆና «ሻልዳ» የተባለች ትንሽ መጽሐፍ በዚያው በታገደው ፊደል ጻፉ።

በደርግ ዘመን ወደ ሶማሊያ ተሰደው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በስደተኞች መጠለያ አረፉ፤ ረሒመሁላህ። በዓመቱ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ ፊደላቸው ለንደን ውስጥ ጥናት አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1991 ለኦሮምኛ የጸደቀው የላቲኑ ቁቤ ነው፤ እኛም የተማርነው በእሱ ነው።