ብፁዕ አቡነ እንድርያስ ዣሮሶና በእጃችን ያለው ማተሚያ

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ስማቸው በአክብሮት ከሚነሣ አባቶች አንዱ ብፁዕ አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ ናቸው። በ1858 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር፣ ቫንዴ በተባለው አውራጃ ተወለዱ። በካፑቺን ማኅበር ከመነኰሱ በኋላ ገና በወጣትነታቸው ለስብከተ ወንጌል ወደ አገራችን መጡ። በ1900 እ.ኤ.አ. የጵጵስና ማዕርግ ተቀብለው፣ መንበራቸውን በሐረር አድርገው፣ ለአርባ ዓመት ገደማ መንጋቸውን ጠበቁ።

የተቀበሉት አገልግሎት ቀላል አልነበረም። ሐረር የእስልምና ከተማ ነበረች፤ ገዢዋ ልዑል ራስ መኰንን ደግሞ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነበሩ። የካቶሊክ ሐዋርያ የነበሩት አቡነ ማስያስ በ1879 እ.ኤ.አ. ከአገር እንዲወጡ መታዘዛቸውም ገና አልተረሳም። እንዲህም ሆኖ ራስ መኰንን ለልጃቸው ለተፈሪ መምህር በፈለጉ ጊዜ፣ በአቡነ እንድርያስ ዘንድ የተማሩትን ኢትዮጵያዊ፣ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን ተቀበሉ። ያ ሕፃን ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ ነገሠ። ሰው በሃይማኖት ለማይመስለው ሰው ልጁን አደራ የሚሰጠው በክርክር ስለ ተረታ አይደለም፤ ኑሮውን አይቶ ስላመነው ነው።

በእርሳቸው ዘመን ሌላም መልካም ሥራ ተጀመረ። አባ ማሪ በርናር የተባሉት ካፑቺናዊ ካህን በሐረር የቅዱስ አንጦንዮስን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቋሙ። ከዚያው መጠለያ በ1905 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ የሚታተም ጋዜጣ ወጣ፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የኢትዮጵያ ዘሪ» ማለት ነው። በኋላም ኅትመቱ በ1902 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲድ ወደ ደረሰላት ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ፤ ጋዜጣውም እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ዘለቀ። በድሬዳዋ የነበረው የሚሲዮኑ ማተሚያ ቤት የሕሙማኑ ጠባቂ በሆነው በቅዱስ አልዓዛር ስም ይጠራ ነበር። እንግዲህ በአካባቢያችን ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ጋዜጦች አንዱ የወጣው ከባለጸጋ አዳራሽ ሳይሆን ሰው ከሸሻቸው ሕሙማን ደጅ ነው።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን ፈረንሳውያን ሚስዮናውያን ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ፣ አቡነ እንድርያስም በእርጅናቸው ከሚወዷት ሐረር ተለዩ። የኢትዮጵያ ነፃነት ሊመለስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በጥር 1941 እ.ኤ.አ. በቱሉዝ ከተማ ዐረፉ።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዚያ ዘመን ማተሚያ የነበራቸው ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬ ግን ስልክ የያዘ ሁሉ ማተሚያ በኪሱ ይዟል። በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ማታ የምንልከው ቃል፣ ጠዋት በከዚራ፣ በመጋላና በሳቢያን አብሮን ቡና የሚጠጣው ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ጎረቤታችን ዘንድ ይደርሳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ብናጠፋው እንኳ ያየው ሰው ከልቡ አያጠፋውም። የሌላውን እምነት የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ ሃይማኖትን የጠበቀ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን አባቶቻችን በብዙ ዓመታት ያቆዩትን መተማመን በአንድ ሌሊት ያፈርሳል።

ስለዚህ ከመላካችን በፊት ሁለት ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ። አንደኛው፦ ሃይማኖቱ ከእኔ የተለየ ጎረቤቴ ይህን ቢያነብ ልጁን አደራ ይሰጠኛልን? ሁለተኛው፦ ይህ ቃል በደጄ ለወደቀው አልዓዛር ምን ይጠቅመዋል? ለሕሙማን ርዳታ ስንለምንም እውነቱን አጣርተን፣ የታማሚውን ፈቃድ ጠይቀን፣ ቍስሉን ለእይታ ሳናወጣ ክብሩን እንጠብቅ። አቡነ እንድርያስ የእጅ ስልክ አላወቁም፤ ነገር ግን ቃል የሚታመነው የተናጋሪው ኑሮ ሲታመን መሆኑን በሕይወታቸው አስተምረውናል። ጸሎታቸውና በረከታቸው ከሁላችን ጋር ይሁን።