አግነስ ፖከልስ፦ በወጥ ቤት የተወለደ ሳይንስ



ዛሬ በአንዳንድ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎች ተማሪዎች ከሚሠሯቸው ሙከራዎች አንዱ የጠብታ ሙከራ ነው። ዘይትና ውሃ በሁለት ሲሪንጆች ወደ ቀጫጭን ቱቦዎች መጋጠሚያ ይገፋሉ፤ በመጋጠሚያው ላይ ዘይቱ ውሃውን እየቆራረጠ መጠናቸው ተቀራራቢ የሆነ ጠብታዎች ያደርገዋል። እያንዳንዱም ጠብታ እንደ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሆኖ ያገለግላል። ሆኖም በዘይቱ ውስጥ ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ካልተጨመረ ጠብታዎቹ ሲነካኩ ይዋሐዳሉ፤ ሙከራውም ይበላሻል። ጠብታዎቹን ለያይቶ የሚያቆየው በገጻቸው ላይ የሚሠራው እጅግ ስስ ሽፋን ነው። በውሃ ገጽ ላይ የሚገኘውን እንዲህ ያለ ሽፋን ለመለካት መንገድ ከጠረጉት አንዷ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተነፈገችው አግነስ ፖከልስ ነበረች።

አግነስ በ1862 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ተወለደች። አባቷ የኦስትሪያ ጦር መኮንን ነበር። እርሱም በወባ ታምሞ ከሥራ በመሰናበቱ ቤተሰቡ በ1871 ወደ ጀርመን ከተማ ወደ ብራውንሽቫይግ ተዛወረ። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለተፈጥሮ ሳይንስ ብርቱ ፍቅር ነበራት፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን በመደበኛ ተማሪነት አይቀበሉም ነበር። ስለሆነም ታናሽ ወንድሟ ፍሪድሪሽ ፊዚክስ ሲማር እርሷ ቤት ቀርታ ወላጆቿን ታስታምም፣ ምግብ ታበስል፣ ዕቃ ታጥብ ነበር። ከወንድሟ መጻሕፍት ግን በራሷ ጥረት ተማረች።

ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለች ቅባትና ሳሙና የውሃን ገጽ እንዴት እንደሚለውጡ መመርመር ጀመረች። መሣሪያዋ ውሃ እስከ አፉ የተሞላ የቆርቆሮ ገበቴ ነበር። በላዩ ላይ ቀጭን የቆርቆሮ ቁራጭ አግድም አስቀምጣ ወዲያና ወዲህ በመግፋት የውሃውን ገጽ ታሰፋለች፣ ታጠባለች። ከዚያም አንዲት ትንሽ የልብስ ቁልፍ ከውሃው ላይ ለማላቀቅ የሚያስፈልገውን ኃይል በሚዛን ትለካለች። በዚህም የቅባት ሽፋኑ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ የውሃው የገጽ ውጥረት እምብዛም እንደማይለወጥ፣ ከአንድ ወሰን በታች ሲጨመቅ ግን በፍጥነት እንደሚወርድ አረጋገጠች።

አሥር ዓመት ያህል ይህ ዕውቀት ከወጥ ቤት አልወጣም። በጥር 1891 ግን በተመሳሳይ ጉዳይ ላይ ይመራመር ለነበረው ለእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ለሎርድ ሬይሊ በጀርመንኛ ደብዳቤ ጻፈች። ሬይሊ ደብዳቤው ከማትታወቅ የቤት ልጅ መጣ ብሎ አልናቀውም። ባለቤቱ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመችው፤ እርሱም ሥራዋ ከራሱ ምርምር ጋር እንደሚገጥም ሳይደብቅ ለኔቸር መጽሔት ላከው። መጋቢት 12 ቀን 1891 ታተመ።

ከዚያም ሌሎች ጽሑፎች አሳተመች፤ ይሁን እንጂ የወላጆቿ ሕመምና የራሷ ጤና ማጣት ሥራዋን ደጋግሞ አቋረጠው። የእርሷን ዘዴ አሻሽሎ የተጠቀመበት አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሙር በ1932 በገጽ ኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ በዚያው ዓመት የ70 ዓመቷ አግነስ ከብራውንሽቫይግ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ዶክትሬት አገኘች። በ1935 አረፈች።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የጠብታ ሙከራን የሚያስተምር ሁሉ ከሲሪንጁና ከቱቦው በፊት ተማሪውን ወደ ገበቴው ይመልሰው፤ በዝርግ ሳህን ውሃ ላይ የተነሰነሰ ቁንዶ በርበሬ በአንዲት የሳሙና ጠብታ ወደ ዳር ሲሸሽ ያየ ተማሪ፣ መሣሪያው የሚሠራበትን ምክንያት አይስተውም። ሁለተኛ፣ አግነስ ጽኑ ስለነበረች ብቻ በሩ መዘጋቱ ጉዳት አላደረሰም ማለት አይደለም፤ አሥር ዓመት ባክኗል። ደብዳቤ ሳይጽፉ፣ ወይም ጽፈው የሚያነብላቸው አጥተው የቀሩትን ማን ይቆጥራቸዋል? እኛ የመማሪያው ወንበር የደረሰን ተማሪዎች የመሣሪያ ማነስን ሰበብ አናድርግ፤ ከደጅ የሚመጣውንም ደብዳቤ ሳናነብ አንጣል።