ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታና የረቂቅ ሥዕል ሙግት

ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1924 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ የብራና መጻሕፍትን በመጻፍና በሐረግ በማስጌጥ የታወቁ ነበሩ። ብርዕና ቀለም በብራና ላይ ምን እንደሚሠሩ ገብረ ክርስቶስ በመጀመሪያ ያየው በአባቱ ቤት ነው። አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልን እንሻለን፤ በኋላ ዘመን ሥራው የባዕድ ነው ተብሎ በተነቀፈ ጊዜ ወደዚህ ብራና ዘወር ብሎ መመልከት ይገባ ነበርና።

ትምህርቱን በሐረር ጀምሮ በአዲስ አበባ ቀጠለ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእርሻ ትምህርት ቢጀምርም ልቡ ከሥዕሉ ዘንድ ስለ ነበረ አቋረጠው። እ.ኤ.አ. በ1957 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ምዕራብ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሄደ። ጊዜው ጀርመን የገዛ ልጆቿን ጥበብ እንደገና የምታከብርበት ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ናዚዎች የተበላሸ ጥበብ ብለው ከየሙዚየሙ ያወጡት፣ የነገሩን መልክ ትቶ የሰውን ስሜት በመስመርና በቀለም ኃይል የሚገልጸው ሥዕል ወደ ክብሩ ተመልሶ ነበር። ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ይህን የአሣሣል መንገድ ከምንጩ ቀዳ።

ወደ አገሩ ተመልሶ በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራዎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ ብርቱ ክርክር ተነሣ። የዚያን ጊዜው ተመልካች ከሠዓሊ የሚጠብቀው የቅዱሳንን ገድል፣ የነገሥታትን መልክ፣ የዓድዋን ጦርነትና የንግሥተ ሳባን ታሪክ ነበር። መልኩ የማይለይ ቀለም በሸራ ላይ ሲያይ ይህ ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ አያስነቅፈውም። የሚያስነቅፈው መልሱን ሳይጠብቅ ከአውሮፓ የተቀዳ ነው ብሎ መፍረዱ ነው።

በእኛ አስተያየት ፍርዱ ሁለት ነገር ስቷል። አንደኛ፣ ገብረ ክርስቶስ ሰውን ከሥዕሉ ፈጽሞ አላስወጣም። እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለውን «ጎልጎታ»ን እንመልከት። ርእሱ በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ የሚገኘው ስቅለት ነው፤ ነገር ግን ወዙና ዝርዝሩ ተትቶ ሥቃዩ ብቻ በደም ቅላት ቀርቷል። ሦስት ዓመት ቆይቶ የሣለው «አረንጓዴ ረቂቅ» ግን ከማናቸውም ከሚታወቅ ነገር የተላቀቀ ነው። ሁለቱ ሥራዎች ከአንድ እጅ የወጡ መሆናቸውን የዘነጋ ሰው ሠዓሊውን በግማሽ ብቻ ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ ረቂቅነት ለአገራችን ዓይን እንግዳ አይደለም። በመካነ ሰላም አካባቢና በምዕራባዊው ደቡብ ወሎ ደጋ የሚያስተምሩ የማኅበራችን አባሎች ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻቸውም። በቦረናና በአማራ ሳይንት፣ ተድባበ ማርያምን የመሰለ ጥንታዊ ደብር በሚገኝበት አገር፣ ለሥዕል የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ቤተ ክርስቲያን ነው። በአገራችን የጥንት ሥዕል ጻድቁ በሙሉ ፊቱ፣ ኃጥኡ በአንድ ዓይኑ ይሣላል፤ ቀለሙ ጥላ የለውም፤ የሰው ዓይን ከተፈጥሮው በላይ ይሰፋል። ይህ ሁሉ አሳብን ከመልክ ማስቀደም እንጂ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ተማሪዎች ይህን ካወቁ ገብረ ክርስቶስን ለመቀበል አይቸገሩም።

የነቃፊዎቹ ድምፅ ከፍ ቢልም ሠዓሊው አድናቂ አላጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሽልማት ድርጅት ሽልማት በሥነ ጥበብ ተቀበለ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተማረ፤ እስክንድር ቦጎሲያንም በኋላ በዚያው ትምህርት ቤት ባልደረባው ሆነ። ዘርይሁን የትምጌታን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች በሁለቱ እጅ አልፈዋል።

ግጥሞቹም እንደ ሥዕሎቹ ናቸው። የተለመደውን የቤት አመታት እንዳሻው ይሰብራል፤ ስንኙ አንዳንዴ ከአንድ ቃል አይበልጥም። «አገሬ» የተባለውን ግጥሙን ግን ሥዕሉን ከቶ ያላየ ሰው እንኳ በቃሉ ያውቀዋል። በሥዕሉ ባዕድ የተባለው ሰው በአገር ፍቅር ግጥሙ የሁሉ አፍ መክፈቻ መሆኑ ሳያስደንቅ አይቀርም።

አብዮቱ ከፈነዳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገሩን ጥሎ ወጣ። ቀድሞ ወደ ተማረባት ጀርመን ተመለሰ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በመጋቢት ወር 1973 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በኦክላሆማ ግዛት በሎውተን ከተማ ዐረፈ።

ግጥሞቹ ተሰብስበው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ የታተሙት በ1998 ዓ.ም. ነው። በጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹም ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተከፈተው፣ በስሙ በሚጠራው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሰቀሉ።