የአርባዎቹ ልጆች መምህር፦ ኬቮርክ ናልባንዲያን



በየዓመቱ ሰኔ ሲደርስ በክፍሎቻችን ውስጥ ጥቂት ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ። የአባት ወይም የእናት የሥራ ውል ያልቃል፤ ቤተሰቡ ጓዙን ይሸክፋል፤ ልጁም ጓደኞቹን ተሰናብቶ ይሄዳል። ዘንድሮ የሙዚቃ ክበባችን ግማሽ ያህል አባላቱን በዚሁ ምክንያት ስላጣ፣ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚል ጥያቄ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ነበር። መልሳችንን ከመስጠታችን በፊት የአንድ መምህርን ሕይወት ልንተርክላችሁ ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1887 ዛሬ በደቡብ ቱርክ በምትገኘው በአይንታብ ከተማ ከአርመን ቤተሰብ ተወለዱ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በኦቶማን መንግሥት ሥር ነበረች። ከ1915 ጀምሮ በአርመኖች ላይ በደረሰው እልቂት እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፤ የተረፈውም ከአገሩ ተሰደደ። ወላጆቻቸውን ካጡት ሕፃናት መካከል የተወሰኑት በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠለሉ። ከእነርሱም የጥሩንባና የከበሮ ጓድ ተቋቋመ።

በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ጎበኙ። በዚያም የወላጅ አልባዎቹን ልጆች ጨዋታ ሰሙና ልባቸው ተነካ። ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባዎቹን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ተስማሙ። ልጆቹ በኢትዮጵያ መንግሥት ወጪ እየኖሩ ሙዚቃ እንዲማሩና እንዲጫወቱ የአራት ዓመት ውል ተገባ። የጓዱ መሪና አሠልጣኝ ሆነው አብረዋቸው የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ።

ታሪኩ እኛን ጅቡቲ የምንኖረውን የሚነካበት አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ከባሕር ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከዚህች ከተማ የሚነሣው ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ መግባት ከጀመረ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ልጆቹ በዚህ ሐዲድ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ሴፕቴምበር 6 ቀን 1924 አዲስ አበባ ገቡ። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ለዕንቍጣጣሽ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሕዝቡም አርባ ልጆች ብሎ ጠራቸው።

የነሐስ ጥሩንባ ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የተላኩ መሣሪያዎች ነበሩ። ሆኖም የአገሪቱ የመጀመሪያ ይፋዊ የሙዚቃ ጓድ ተብለው የሚታወቁት አርባዎቹ ልጆች ናቸው። ኬቮርክ በ1926 የመዝሙር ዜማ ደረሱ። ግጥሙን የጻፉት ደግሞ በጎጃም ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉት ዮፍታሔ ንጉሤ ነበሩ።

ተማሪዎቻችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አማርኛ ቃሉ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ ቋንቋ ነው፤ ገና የሚለውን ቃል አጥብቃችሁም አላልታችሁም ብታነቡት ልዩነቱን ትሰማላችሁ። ስለዚህ ለአማርኛ ግጥም ዜማ መሥራት ማስተዋልን ይጠይቃል። አንዱ ከአይንታብ፣ ሌላው ከጎጃም የመጡት ሁለት ሰዎች ሥራቸውን አስማሙት። መዝሙሩ በ1930፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተሰማ፤ እስከ 1974ቱ አብዮት ድረስም የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ አገለገለ። ከእናንተ አያቶች መካከል በትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆመው የዘመሩት ይኖራሉ፤ እስቲ ጠይቋቸው።

ጓዱ ግን ዕድሜው አጭር ነበር። በ1928 ውሉ አለቀና ልጆቹ ተበተኑ። አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፤ አንዳንዶቹ እዚያው ኢትዮጵያ ቀርተው ኑሯቸውን መሠረቱ። ዘመኑን በአራት ዓመት ብቻ የሚለካ ሰው ድካሙ ሁሉ ባክኖ ቀረ ሊል ይችላል። ኬቮርክ ግን አልሄዱም። ማስተማራቸውንና ለቴአትር ሙዚቃ መድረሳቸውን ቀጠሉ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ መጡና የአጎታቸውን ፈለግ ተከተሉ፤ በማዘጋጃ ቤት፣ በፖሊስና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ። ዛሬም በየቤታችን የምንሰማው የ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ከእነዚህ ቤቶች በወጡ ተጫዋቾች የቆመ ነው። ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1963 ዐረፉ። ኢትዮጵያን የረገጡት በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቀረ ዕድሜያቸውን፣ አርባ ዓመት ያህል፣ ለዚህ ሥራ ሰጡ።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለናል። የመምህሩን ስም ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ልጆቹን ግን የምንጠራቸው በቁጥር ነው። እያንዳንዳቸው እናትና አባት የነበሯቸው፣ የየራሳቸው ስም ያላቸው ልጆች ነበሩ። እኛ መምህራን በየጠዋቱ ስም የምንጠራው ማን እንደቀረ ለመቁጠር ብቻ አይደለም። ከእኛ ዘንድ አንድ ዓመት ብቻ ተምሮ የሄደ ልጅም ስሙ በመዝገባችን ይኖራል።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው፤ የሙዚቃ ክበባችን አይዘጋም። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ የክበቡ አባል ሁሉ ከመሄዱ በፊት የሚያውቀውን አንድ ዜማ ለአንድ ታናሹ አስተምሮ ይሄዳል። በቤታችሁ አገልግሎት ሳይሰጥ የተቀመጠ ክራር፣ ዋሽንት፣ ማሲንቆ ወይም ኪቦርድ ያላችሁ ወላጆች ለክበቡ ብታውሱን በምስጋና እንቀበላለን። ስንት ልጅ እንደሚቀርልን አስቀድመን ማወቅ አንችልም፤ የቀሩት ጥቂት ቢሆኑም እናስተምራቸዋለን።

ለሁላችሁም መልካም የዕረፍት ጊዜ እንመኛለን።