ኤርንስት ፉክስ እና ግፊቱ የወረደ ዓይን

በጅራፍ፣ በዱላ ወይም በቡጢ ዓይኑን ተመትቶ ከመቂ ወይም ከመተሐራ ወደ አዳማ ለሕክምና የሚመጣ ሰው፣ ዓይኑ ከውጭ ሳይቀደድ እይታው ደብዝዞ ሊገኝ ይችላል። መደበኛው የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን የእርሱ ከ5 በታች ከወረደ፣ የዓይኑ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ግድ ይላል። ይህን ጥያቄ በማይክሮስኮፕ ከተከታተሉት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ የቪየናው ኤርንስት ፉክስ ናቸው።

ፉክስ እ.ኤ.አ. በ1851 በቪየና ተወለዱ። በ1874 በሕክምና ተመርቀው በስመ ጥሩው የዓይን ሐኪም በፈርዲናንድ ፎን አርልት ሥር ሠሩ፤ ቀጥሎም በቤልጂየም ሊዬዥ ፕሮፌሰር ሆኑ። ከ1885 እስከ 1915 በቪየና ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛውን የዓይን ክሊኒክ መሩ። በ1889 የታተመው የመማሪያ መጽሐፋቸው በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ስማቸው ዛሬ በይበልጥ የሚነሣው በእርሳቸው በተሰየመው የኮርኒያ በሽታ ነው፤ ለአደጋ ሕክምና ግን የ1900ው ሥራቸው ይበልጣል።

በዚያ ዘመን የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ሕሙማን በአንዳንዶቹ ላይ ዓይኑ ይላላል፤ ኮሮይድ የተባለው የደም ሥር ሽፋንም ከነጩ የዓይን ግድግዳ ይላቀቃል። ፉክስ ከሕሙማን የወጡ ዓይኖችን በስሱ ቆርጠው ሲመረምሩ በአይሪስ ሥር፣ በሲሊየሪ አካሉ መጋጠሚያ ላይ፣ ትንሽ ስንጥቅ አገኙ። የፊተኛው ክፍል ውኃ በዚያ በኩል በኮሮይዱና በግድግዳው መካከል ይሰርጋል። ማብራሪያው ለሁሉም የኮሮይድ መላቀቅ እንደማይሠራ በኋላ ታውቋል፤ የስንጥቁ ግኝት ግን ጸንቷል። እንዲያውም በ1905 ሊዮፖልድ ሃይነ ይህንኑ ስንጥቅ ሆን ብለው በመፍጠር የግላኮማን ግፊት ለማውረድ ተጠቀሙበት። ፉክስ ከጡረታ በኋላም በአሜሪካና በእስያ እየተዘዋወሩ አስተምረው በ1930 ዐረፉ።

በምት የሚፈጠረው ስንጥቅ በጎኒዮስኮፕ ይፈለጋል። ትንሽ ከሆነ በአትሮፒን ጠብታ ሲሊየሪ ጡንቻው ላልቶ ከግድግዳው ጋር እንዲገናኝ ሳምንታት ይሰጠዋል፤ ካልተዘጋ በሌዘር ወይም በስፌት ይዘጋል። የስቴሮይድ ጠብታ ብግነትን ቢያበርድም የስንጥቁን መጣበቅ ሊያዘገይ ስለሚችል በጥንቃቄ ይታዘዛል። ዝቅተኛው ግፊት ለወራት ከቆየ የሬቲናው ማዕከል ይሸበሸባል፤ እይታውም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስንጥቁ ሲዘጋ ደግሞ ግፊቱ በሰዓታት ውስጥ አሻቅቦ ብርቱ ሕመምና ትውከት ሊያመጣ ይችላል። አትሮፒን ይዞ ወደ መተሐራ የሚመለስ ታካሚ እንዲህ ያለ ሕመም ከተነሣበት ቀጠሮውን ሳይጠብቅ እንዲመለስ፣ ከመሄዱ በፊት ሊነገረው ይገባል።