ሴባስቲያን አርቷ

ሴባስቲያን አርቷ (እ.ኤ.አ. 1680 – 1726) በሌቨን ከተማ፣ በዛሬዋ ቤልጂየም፣ የኖረ የቢራ ጠማቂ ነበር። «ስቴላ አርቷ» የተባለው ቢራ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው።

ሕይወቱ

አርቷ ሲወለድ ቤልጂየም የሚባል አገር አልነበረም፤ አካባቢው በስፔን ንጉሥ ሥር ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1714 ደግሞ ወደ ኦስትሪያ ገዢዎች ተላለፈ። ሌቨን ያኔ በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1425 በተመሠረተው ዩኒቨርሲቲዋና በቢራዋ። ከከተማዋ የጠመቃ ቤቶች አንዱ «ደን ሆርን» ይባል ነበር፤ ትርጉሙ «ቀንዱ» ማለት ነው።

አርቷ እ.ኤ.አ. በ1708 የዋና ጠማቂነት ማዕረግ አገኘ። ከ9 ዓመት በኋላ በ1717 ደን ሆርንን ገዝቶ በራሱ ስም ጠራው። ባለቤት ሆኖ የቆየው ግን ከ10 ዓመት ላነሰ ጊዜ ነው፤ በ1726 ሞተ። ሥራው በቤተሰቡ እጅ ቀጠለ። የልጅ ልጁ ሌዮናርድ በከተማዋ የነበሩ ሌሎች ጠመቃ ቤቶችን ገዝቶ አስፋፋው።

ስሙና ቢራው

በጠርሙሱ ላይ የሚታየው እ.ኤ.አ. 1366 ብዙ ጊዜ አርቷ ሥራ የጀመረበት ይመስላል። ቁጥሩ የሚያመለክተው ግን የደን ሆርንን ጥንታዊነት ነው፤ አርቷ የተወለደው ከዚያ 314 ዓመት በኋላ ነው። በምልክቱ ላይ ያለው ቀንድም የመጣው ከዚሁ ከቀድሞው ስም ነው።

ስቴላ አርቷንም እርሱ አልጠመቀውም። ቢራው ለገና በዓል ተብሎ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሆን፣ ይህም አርቷ በሞተ በ200 ዓመቱ ነው። «ስቴላ» በላቲን «ኮከብ» ማለት ነው። ዓይነቱ እርሾው በቅዝቃዜ ሠርቶ ወደ ታች የሚዘቅጥበት ፈዛዛ ላገር ነው፤ የዚህ ዓይነት ቢራ ፒልዘን ውስጥ የተጠመቀው በ1842 ነው። በአርቷ ዘመን በሌቨን የታወቀው ግን ስንዴ የሚገባበትና እርሾው ወደ ላይ የሚንሳፈፍበት ነጭ ቢራ ነበር።

ከእርሱ በኋላ

ጠመቃ ቤቱ ከጊዜ በኋላ ከአርቷ ዘሮች ወጥቶ ወደ ሌሎች የቤልጂየም ቤተሰቦች ተላለፈ። ከሌሎች ጠማቂዎች ጋር ተዋሕዶ «ኢንተርብሩ» ተባለ፣ በ2004 ከብራዚሉ «አምቤቭ»፣ በ2008 ደግሞ ከአሜሪካው «አንሃይዘር-ቡሽ» ጋር ተቀላቀለ። የእነዚህ የቤልጂየም ቤተሰቦች ወራሾች ዛሬም በኩባንያው ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ከአርቷ ቤተሰብ የቀረው ስሙ ነው። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ዛሬም በሌቨን ይገኛል።