የኤዲሶን ጆሮ

ዛሬ ሰው ሁሉ የወደደውን ዜማ በኪሱ ይዞ፥ በጆሮ ማዳመጫ ለብቻው እየሰማ ይሄዳል። የዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ግን ጆሮው የደከመ ሰው ነበር፤ ይኸውም ቶማስ ኤዲሶን ነው።

ኤዲሶን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1847 ዓ. ም. በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ተወለደ። በትምህርት ቤት የቆየው ለአጭር ጊዜ ስለ ሆነ፥ ይልቁንም ያስተማረችው እናቱ ናት። በልጅነቱ በባቡር ላይ ጋዜጣ ይሸጥ ነበር፤ የመስማት ኃይሉም ገና በወጣትነቱ ደከመ። ቀጥሎ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ።

በ1877 ዓ. ም. በኒው ጀርሲ በሜንሎ ፓርክ በነበረው የሥራ ቤቱ ፎኖግራፍ የተባለውን መሣሪያ አስገኘ። በስስ የቆርቆሮ ወረቀት የተጠቀለለው ሲሊንደር በእጅ ሲዞር መርፌ የድምፁን ፈለግ ትቀርጻለች፤ መርፌ በዚያው ፈለግ ስትመለስም የተነገረው ቃል ይሰማል። ነገር ግን ወረቀቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ኤዲሶን ሥራውን ትቶ ወደ ኤሌክትሪክ መብራት ዞረ። ሌሎች ሰዎች በሰም የሚሠራ መሣሪያ ባወጡ ጊዜ ግን ተመልሶ በ1888 ዓ. ም. የተሻሻለ ፎኖግራፍ አቀረበ። በ1889 ዓ. ም. በሳን ፍራንሲስኮ ሰዎች ሳንቲም እየከፈሉ፥ ቱቦውን በጆሯቸው አድርገው ዜማ ይሰሙ ጀመር። በ1898 ዓ. ም. ደግሞ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶርያ ለዳግማዊ ምኒልክ መልእክታቸውን የላኩት በፎኖግራፍ ተቀርጾ ነበር።

ኤዲሶን ከሁሉ አብልጦ የሚሻው የድምፅን ጥራት ነበር። የመሣሪያውን እንጨት በጥርሱ ነክሶ፥ በአጥንቱ የሚተላለፈውን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። በ1912 ዓ. ም. በአልማዝ መርፌ የሚሰማ ወፍራም ሸክላ አወጣ። ከ1915 ዓ. ም. ጀምሮም ዘፋኙን ከመሣሪያው አጠገብ አቁሞ፥ ሕዝቡ የሰውን ድምፅ ከሸክላው ለይቶ እንዲያውቅ ይፈትን ነበር፤ ብዙዎችም ለመለየት ተቸገሩ።

ይሁን እንጂ ሸክላው ለእርሱ መሣሪያ ብቻ የተሠራ ነበር። ዘፋኞቹንም የሚመርጠው በራሱ ጆሮ እንጂ በዝናቸው አልነበረም። ተወዳዳሪዎቹ ግን እንደ ካሩዞ ያሉ ስመ ጥር ዘፋኞችን ይዘው ገበያውን ወሰዱ፤ በ1925 ዓ. ም. በኤሌክትሪክ መቅረጽ ሲጀምሩም ኤዲሶን ሁለት ዓመት ዘገየ። በ1929 ዓ. ም. የሸክላ ሥራውን ዘጋ፤ በ1931 ዓ. ም. ኦክቶበር 18 ቀን በ84 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚያ ወዲህ በ1948 ዓ. ም. ረጅም ሰዓት የሚጫወተው ሸክላ፥ በ1979 ዓ. ም. በኪስ የሚያዘው የካሴት መሣሪያ ወጣ። የድምፅ ጥራት ወዳጆች ዛሬም እንደ ኤዲሶን ጥራቱን ያስቀድማሉ፤ ብዙው ሰው ግን የሚወደውን ዘፈንና የሚመቸውን መሣሪያ ይመርጣል። ኤዲሶን ድምፅን ይዞ ማስቀረት ቻለ፤ የሰሚውን ልብ መያዝ ግን ከዚያ የከበደ ሥራ ሆነበት።